አያ ጃርት ሳያገኝ የቀረ ለታ

እኔ ጃርት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚወጣው የልጆች ካርቱን፣ «አያ ጃርት»፣ ድምፁ የእኔ ነው። ይህን ሥራ ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥዕሉን ሌሎች ይሥላሉ፣ ታሪኩን ሌሎች ይጽፋሉ፣ እኔ ማይክሮፎን ፊት ቆሜ እነጫነጫለሁ። መነጫነጩን ማንም አላስተማረኝም፤ ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ነው። ይሄ ጽሑፍ ግን ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ እትዬ ቅርጫት ነው። ስለ እሷ ለማውራት ደግሞ ከጃርቱ መጀመር ግድ ስለሆነብኝ ትንሽ ታገሱኝ።

የካርቱኑ ነገር እንዲህ ነው። አያ ጃርት በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጠፋበታል። ባርኔጣው፣ አንድ እግር ጫማው፣ ጃንጥላው። ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል፣ ጥንቸሏን ይጠረጥራል፣ ከጉጉቱ ጋር ይጣላል፤ አስራ ሁለት ደቂቃ ሲያተራምስ ቆይቶ የጠፋው ነገር መጀመሪያ ከነበረበት ይገኛል። ጃንጥላው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባርኔጣው እሾሁ ላይ ተሰክቶ። ያኔ ራሱን ይነቀንቅና «እዚሁ ነበረ» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ፣ ሙዚቃው ይገባል፣ አለቀ። ይቺን ሁለት ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት ፈጣሪ ይወቀው። ልጆች መንገድ ላይ ይሉኛል። ሐኪም ቤት ደም የምትቀዳኝ ነርስ ሳትቀር የደም ሥሬን ስትፈልግ ስትፈልግ ቆይታ ሲገኝላት «እዚሁ ነበረ» ብላኛለች፣ መርፌውን እንደያዘች።

እትዬ ቅርጫት ከስቱዲዮው አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተመልካች አስተያየት የምትቀበል ሴት ናት። ጣቢያው የገባችው ወለል ልትወለውል ነበር። የማታ ትምህርት ተምራ ፊደል ስትለይ፣ የምትጠርገውን ወረቀት ከመጣሏ በፊት ማንበብ ጀመረች። አንድ ቀን ከቆሻሻ መጣያ ውስጥ ያልተከፈተ የተመልካች ደብዳቤ አገኘች። መወልወያዋን በር ላይ አቁማ ቀጥ ብላ የዚያን ጊዜው ኃላፊ ቢሮ ገባችና «ይሄ ሰው መልስ ይጠብቃል» አለችው። ሰውየው ሊገላገላት ይሁን ተገርሞ እንጃ፣ «እንግዲያው አንቺው መልሺለት» አላት። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ትመልሳለች።

ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ሦስት ትልልቅ የፕላስቲክ ቅርጫቶች አሉ። ሰማያዊው ለምስጋና፣ ቀዩ ለቅሬታ፣ ነጩ ለልዩ ልዩ። በስልክ የሚነገረውንም፣ በሞባይል የሚላከውንም በቁራጭ ወረቀት ትገለብጠዋለች፤ ቅርጫት ውስጥ ያልገባ ነገር ለእሷ ነገር አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ቆጥራ ሦስት ቁጥር ለፕሮግራም ኃላፊው ታስገባለች። ኃላፊው ደብዳቤ አያነብም፣ ቁጥር ነው የሚያነበው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ዳርና ዳሩ ቢጫ የሆነ ደንብ ተለጥፏል፦ «ልጅ ያለቀሰበት፣ የፈራበት ወይም እንቅልፍ ያጣበት ሁሉ ቅሬታ ነው።» ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ የለም። እሷ ግን አንድም ቀን አልጣሰችውም።

አንዲት ልጅ ነበረቻት። ነበረቻት ነው የምለው፣ ምክንያቱም የዛሬ ስምንት ወር፣ አራት ሳምንት ብቻ ታማ፣ ሞተች። የሰባት ዓመት ልጅ ጥላ ሄደች፣ ሚጢ የምንላትን። የሚጢ አባት ገና ሳትወለድ ነው እብስ ያለው፤ ስለ እሱ እትዬ አታወራም፣ እኔም አልጠይቅም። ቀብሩ ዕለት ሚጢን ጎረቤት አስቀመጧት። ስትመለስ «እናትሽ ሩቅ ከተማ ሐኪም ቤት ገብታለች፣ ሲሻላት ትመጣለች» ተባለች። ይህን ያለችው እትዬ ናት። የሰው ደብዳቤ ላይ አንዲት ቃል የማትቀንስ ሴት የገዛ የልጅ ልጇን ዓይን ዓይኗን እያየች ዋሸቻት። አልፈርድባትም። እኔ የባሰ አድርጌያለሁ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሚጢ እህል አልቀምስ አለች። እትዬ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የቀረጻው ቀይ መብራት በርቶ የስቱዲዮውን በር ከፍታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ከፈተች። ስልኳን ዘርግታ «በሞቴ፣ አንዴ በጃርቱ ድምፅ አናግርልኝ» አለች። ተቀበልኳት።

«ሚጢ፣ አያ ጃርት ነኝ» አልኩ በዚያ በሚነጫነጭ ድምፅ። «እናትሽን እየጠበቅሽ ምግብ አልበላም አልሽ አሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ ፈልጌ ያጣሁት ነገር አለ?»

«የለም» አለች።

«እንግዲያው እኔ እፈልጋታለሁ። አንቺ ብዪ።»

በላች። እትዬ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን ትልቅ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ይሄ ስህተት የእኛ ጣቢያ ሰው ካልሆነ ማንም ሊሠራው አይችልም። ሌላው ሰው ሲዋሽ በራሱ ድምፅ ይዋሻል፤ እኔ ልጅቷ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ በምታምነው ድምፅ ዋሸኋት።

እንግዲህ ወደ ልዩው ፕሮግራም ልምጣ። አስራ አንደኛ ዓመታችንን ስናከብር የአርባ ደቂቃ ካርቱን ይሠራ ተባለ። ደራሲዋ ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ልቧ ግን ድንጋይ። ጽሑፉን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። የአያ ጃርት ጎረቤት የሆነው ሽማግሌው ኤሊ፣ ሁሉም ስቆ ሲጨርስ ሁልጊዜ ገና እየደረሰ ያለው፣ አንድ ቀን ጠዋት ከቤቱ ሳይወጣ ይቀራል። አያ ጃርት እንደ ልማዱ ፍለጋ ይወጣል። ድስት ይገለብጣል፣ ጥንቸሏን ይጠረጥራል። በመጨረሻ ጉጉቱ ወርዶ ከጎኑ ይቆምና ኤሊው ሌሊት መሞቱን ይነግረዋል። አያ ጃርት የኤሊው በራፍ ላይ ይቀመጣል። አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ያለ ሙዚቃ።

«ቃሌስ?» አልኳት።

«የለም» አለች።

«ሰው አስራ አንድ ዓመት የለመደው ቃል?»

«ለዚህ ነው የሌለው» ብላኝ እርፍ።

ቆሽቴ አረረ። ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት የሚቀመጡት ሊስቁ ነው፣ ለሐዘን የሚሆን ሌላ ስድስት ቀን አላቸው ብዬ ተከራከርኩ። የሰማኝ የለም። ቀረጻው ላይ የመጨረሻ ሥራዬ መተንፈስ ብቻ ነበር፤ የተከፈልኩት ለመተንፈስ ነው ብዬ ለቴክኒሺያኑ አሾፍኩ። እትዬ ታሪኩን አስቀድማ አታውቅም ነበር። የእሷ ሥራ የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቅዳሜ እንደማንኛውም ሰው ከሚጢ ጋር ቤቷ ተቀምጣ አየችው። ጉጉቱ ሲወርድ ነገሩ ገብቷት ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ብድግ ስትል ሚጢ «ተይው» አለቻት። ተወችው። እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ሚጢ እግሯን ታጥባ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት አስተያየቱ እንደ ጎርፍ ገባ። እትዬ በሦስት ሳምንት የምትቀበለውን በአንድ ቀን ተቀበለች። አንድ አባት «ልጄ ራቱን ሳይበላ ተኛ፤ ነገ እናንተ መጥታችሁ አብሉት» ብሎ ጽፏል። አንዲት እናት «ሞት ቤታችን ሞልቷል፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንኳ እረፉልን» ትላለች። አንዱ ሊቅ ነኝ ባይ «ኤሊ መቶ ዓመት እንደሚኖር እየታወቀ ምን አስቸኮላችሁ?» ብሎ ሦስት ገጽ ሞልቷል። አንድ ጡረተኛ ደግሞ ስልክ ደውለው «ጃርቱ አሁን እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። እትዬ «ደህና ነው፣ እየበረታ ነው» አለቻቸውና ወረቀቱን ነጩ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው።

የፕሮግራም ኃላፊው ከእኛ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። እኔና እትዬ ደብዳቤዎቹን ስናነብ በሩ ላይ ቆሞ አቋረጠን። «ሐሙስ ቁጥሩን አያለሁ። ቅሬታው ከግማሽ ካለፈ መጨረሻው ይቀየራል። ኤሊው አልጋ ሥር ተኝቶ ይገኛል፤ አንተ አርብ ገብተህ ‹እዚሁ ነበረ› ትላለህ፣ ቅዳሜ በድጋሚ ይተላለፋል። የድሮው ይሰረዛል።» ብሎን ሄደ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «አላልኩም?» ልላት ወደ እትዬ ብዞር ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቅዳሜ ሚጢ ታየዋለች» አለችኝ።

«ትየዋ። ደስ ይላታል።»

«ኤሊው ከሞተ በኋላ በሳምንቱ ተመለሰ ማለት ነው። እናቷንም እንደዚያው ትጠብቃለች። እስከ ስንት ዓመቷ ትጠብቅ?»

«እንግዲያው ንገሪያት።»

«አፌ እምቢ አለኝ» አለች። «ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ጸጉሯን ስሠራት ልጀምርና ጸጉሯ ያልቃል። ቅዳሜ ጃርቱ የነገራት መስሎኝ ነበር። እኔ ያቃተኝን ሌላ የጀመረልኝ መስሎኝ ነበር።»

ልላት ያሰብኩትን «አላልኩም?» ሳልላት ቀረሁ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ቆጠራው እያለቀ ሳለ ጠራችኝ። ከአራት መቶ አስራ ሁለት አስተያየት ሁለት መቶ ሠላሳው ቀዩ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ከደብተር የተገነጠለ፣ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። የሚጢ ትምህርት ቤት ከጣቢያው ጀርባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሥራ እስክትጨርስ ዘበኛው ቤት ተቀምጣ ትጠብቃለች። የአስተያየት ሣጥኑ ደግሞ ከዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው። እትዬ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ነው የከፈተችው፤ የእጅ ጽሑፉን ያወቀችው ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ነው። ወረቀቱን ሰጠችኝና አነበብኩት።

«ለአያ ጃርት። ኤሊውን ያላገኘኸው ስለሞተ ነው። እናቴንም ያላገኘሃት ስለሞተች ነው አይደል። ለአያቴ እንዳትነግራት። እሷ ትመጣለች ብላ እየጠበቀች ነው። ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር። አልቅሻለሁ።»

እዚያው ቁጭ አልኩ። እትዬ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ደንብ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ቀዩ ቅርጫት። ልጅ ያለቀሰበት ሁሉ ቅሬታ ነው። እጇን ቀዩ ላይ ዘረጋች፣ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ፤ አልለቀቀችውም ግን።

«ጥሩ ነበር ነው እኮ የምትለው» አለች።

ቀዩን ቅርጫት አንስታ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ተንበርክካ አንድ በአንድ እንደገና ማንበብ ጀመረች፣ አብሬያት ተንበረከክሁ፣ ጉልበቴ እያቃሰተ። «ልጄ አለቀሰ፤ አያቱ ከሞቱ ጀምሮ አላለቀሰም ነበር፣ ተመስገን።» «ልጆቼ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ ስለ አባታቸው ስናወራ አመሸን።» «ሴት ልጄ ፈርታ እቅፌ ውስጥ ተኛች፤ ሰው ለምን እንደሚሞት ጠየቀችኝ፣ የማውቀውን ነገርኳት።» ሳይበድሉ የተከሰሱ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ መጀመሪያቸው ላይ ለቅሶ ስላለ ብቻ ቀዩ ውስጥ የገቡ። ዘጠና ስምንት ቆጠርን። እትዬ እያንዳንዱን ሰማያዊው ውስጥ ስታስገባ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ስንት ዓመት ስንቱን እንደዚህ እንዳደረገች እያሰላች እንደሆነ አውቄያለሁ።

አዲሱን ቁጥር ይዛ ኃላፊው ቢሮ ገባች፣ እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሰውየው እሷንም ወረቀቱንም አየ።

«ልጅ ያለቀሰበት ቅሬታ ነው፣ እትዬ። ደንቡን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።»

«ደብዳቤዎቹን ያንብቧቸው» አለች።

«ጊዜ የለኝም። አርብ ይቀረጽ» አለና አለቀ።

ወጣች። እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር፣ አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና «ሚጢ አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች» አለችኝ። «እናቷ እንደሞተች እኔ እነግራታለሁ። እንዳላገኘሃት ግን አንተ ትነግራታለህ። ቃሉን የሰጠሃት አንተ ነህ።»

ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ?

ሚጢን ከዘበኛው ቤት አምጥታ በቅርጫቶቹ መካከል ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። የልጅቷ እግር ወለል አይነካም። ቦርሳዋን አላወለቀችም። እትዬ ፊቷ ተንበረከከችና ሁለት እጆቿን ያዘች።

«እናትሽ ሞታለች፣ የኔ እናት። ሩቅ ከተማ አልሄደችም። ታማ እዚሁ ሞተች። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ሚጢ አያቷን አላየችም። እኔን ነው ያየችው፣ በቁጣ።

«ነገርካት እንዴ?» አለችኝ። «እንዳትነግራት ብዬህ?»

«እሱ አይደለም» አለች እትዬ። «ደብዳቤ የምከፍተው እኔ ነኝ።»

ሚጢ ይሄን አላሰበችበትም ነበር። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል «በጃርቱ ድምፅ ንገረኝ» አለች። «ፈልገሃት ነበር?»

እዚህ ላይ «አዎ፣ ብዙ ፈልጌ አጣኋት» ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ መጥቷል። ያምራል፣ ያጽናናል፣ ለእኔም ይመቸኛል። ግን ዳግመኛ ውሸት ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁና በዚያ አስራ አንድ ዓመት ባሳቅኩበት ድምፅ ነገርኳት።

«አልፈለግኳትም። የት እንዳለች አውቅ ነበር።»

ሚጢ አንገቷን ደፋች። መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ከነቦርሳዋ መላ ሰውነቷ ወደ አያቷ ወደቀ። ሁለቱም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ስምንት ወር ሙሉ አንዷ ከአንዷ ተደብቃ ያለቀሰችውን አብረው አለቀሱት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ አለቀስኩ። ሁለት ሰው አልፎኝ ሄደ፣ አላፈርኩም።

አርብ ስቱዲዮ ገባሁ። ቀይ መብራቱ በራ። ስክሪኑ ላይ ኤሊው አልጋ ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል፣ አያ ጃርት አፉን ከፍቶ ቃሌን ይጠብቃል። ሁለት ቃል ናት። ቴክኒሺያኑ ሦስቴ መልሶ አጫወተልኝ።

«አልልም» አልኩት።

ኃላፊው መጣ፣ ሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማድዶ። ሌላ ድምፅ አመጣለሁ አለ። አምጣ አልኩት። የአስራ አንድ ዓመት ድምፅ በአንድ ቀን ከየት ይምጣ? በንዴት ከመደርደሪያው ላይ ያገኘውን አሮጌ ክፍል አንስቶ ቅዳሜ ይሄ ይውጣ አለ፣ የጃንጥላውን። ልዩው ፕሮግራም እስከ ዛሬ አልተሰረዘም፣ ተመልሶም አልታየም። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ እሱንም እትዬ ልዩ ልዩ ውስጥ ከተተችልኝ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሏ ስገባ ከግድግዳው ላይ ደንቡ ተነስቷል፤ ቦታው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቀርቷል። ተቀምጬ ቅዳሜ እንዴት ዋላችሁ አልኳት፤ አወጋችኝ። ሚጢ ጸጉሯን እየተሠራች አብረው ካርቱኑን አዩ። አያ ጃርት አስራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰፈሩን አተራመሰ፣ በመጨረሻም ጃንጥላውን ክንዱ ላይ አገኘውና ያን ቃሌን አለ። እትዬ ማበጠሪያውን ይዛ ቀጥ አለች። ልጅቷ ምን ትል ይሆን ብላ ጠበቀች።

ሚጢ ዞር እንኳ አላለችም።

«ጃንጥላ ስለሆነ ነው» አለቻት።